ቀሪ

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር፣ ሒሳብ፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ አራተኛ ሐ።
መስኮታችን የሚያየው ካዛንቺስን ነው፣
ማለቴ፣ ካዛንቺስ የነበረውን፤
አሁን የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ሰማይ ብቻ።

ቲቸር አስካለ ጻፈች፦ አርባ ሦስት ለአምስት።
"ስንት ጊዜ ይደርሳል?"
"ስምንት!"
"ቀሪ?"
ልንጮህ አፋችንን ስንከፍት

ቾኩ ሸሸ።
ከእጇ አልወደቀም፤ ሰሌዳው ነው ከሥሩ የሸሸ፤
አንድ ነጭ መስመር ከአምስት ቁጥር ተነስቶ
እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ እስከ ጠርዙ ወረደ።

"ዶዘር ነው" አለ ከኋላ አንድ ልጅ።
ለምደነዋል እኮ። ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ በወደቀ ቁጥር
ላጲሳችን ከዴስክ ይንከባለላል፣
እኛም አንስተን መጻፍ ነው።

ሙባረክ ግን ዶዘር ያውቃል።
ቤታቸው ሲፈርስ ቆሞ አይቷል፤
አሁን ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ በሁለት ታክሲ፣
ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ።
መዳፉን ዴስኩ ላይ ዘርግቶ እንደ ሐኪም አዳመጠ፤
"ዶዘር መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከዚያ ነው የሚነቀንቀው።
ይሄ ድምፅ የለውም" አለኝ፣
ቀስ ብሎ፣ ሚስጥር እንደሚነግር።

ኮዳዬ ውስጥ ውሃው ክብ ሠራ፣ ክቡ ክብ ወለደ፤
አምፖሉ በገመዱ መጣ፣ ሄደ፤
ካርታው አንድ ሚስማሩ ወልቆ
አፋር ቁልቁል ወረደ።

ማን "ውጡ!" እንዳለ አላውቅም።
በሩ ጠባብ ነው፣ ለእረፍትም ያጋፋል ወትሮ፤
ደረጃው ተመታ እንደ ከበሮ።
እኔ ያልሮጥኩት ጀግና ሆኜ አይደለም፤
እግሬ የሌላ ሰው ሆኖብኝ ነው።
ሙባረክ ዴስክ ሥር ጎተተኝ።
እዚያ ሶስና ቀድማናለች፣ የምሳ ዕቃዋን አቅፋ፣
"ፓስታ ነው፣ እንዳይደፋ፣ እንዳይደፋ።"

ሜዳው ላይ ጋሽ ድንበሩ ደወሉን ይደበድባል፣
ያን የመኪና ቸርኬ፤ መጨረሻ የሌለው የእረፍት ደወል።
ከማዶ መስታወት የለበሰው ሕንፃ
ክራባት ያሰሩትን አስፋልት ላይ አፍስሷል አሉ፣
ትልልቅ ሰዎች፣ የት እንደሚቆሙ ያላወቁ።

ቲቸር አስካለ ቆጠረች።
አርባ።
በጣቷ ግንባር ግንባራቸውን እየነካች ደገመች።
አርባ።
አርባ ሦስት ነበርን። መስከረም ላይማ ሃምሳ ሁለት፤
ዘጠኙ ቤታቸው ሲሄድ ሄዱ፣
ስማቸው ሲጠራ "ቀሪ"፣ ነገም "ቀሪ"፣
አንድ ቀን ስማቸውም መጠራቱ ቀረ።

"ሦስት ቀሪ" አለች አሉ፣ ለራሷ።
ዳይሬክተሩ ክንዷን ይዘው "አይቻልም" ሲሏት
ታኮ ጫማዋን አውልቃ አስታቀፈቻቸው።

እኔ የማውቀው ይሄን ነው፦
መሬቱ ዝም ካለ በኋላ፣ ዝምታው ራሱ ሲያስፈራ፣
ደረጃው ላይ የባዶ እግር ኮቴ መጣ።
ከዴስክ ሥር ያየሁት ሁለት እግር ነው፣
አንዱ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ።
ቲቸር አውራ ጣት እንዳላት አስቤ አላውቅም ነበር።
አጎነበሰች። አልተቆጣችም።
"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አለችና
ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ መነሳት አቃታት።
ሶስና የምሳ ዕቃዋን ከፈተች፦
"ቲቸር፣ ትበያለሽ?"

ማታ አባዬ ዜና ሰምቶ "ሩቅ ነው" አለ፣ "አዋሽ በኩል።"
ሩቅ? እኔ ሥር የነበረው ማን ነው ታዲያ?
ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ፣
ራስጌዬ የብርጭቆ ውሃ አስቀምጬ፣
እሱን እያየሁ።

ሰኞ ተመለስን። ካርታው አዲስ ሚስማር አግኝቷል።
ያ ነጭ መስመር ግን ሰሌዳው ላይ አለ፤
ዳስተሩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።
ደብተሬ ላይ ያላለቀ ሒሳብ ነበረኝ፦
አርባ ሦስት ለአምስት፣ ስምንት፣ ቀሪ
ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።
ቀይ እስክሪብቶዋ መጣ፣ ቁጥሩ ላይ ቆመ፣
ራይትም ሳያደርግ፣ ኤክስም ሳያደርግ ሄደ።

ከዚያ ስም መጥራት ጀመረች።
"ሙባረክ" ስትል
ሁላችንም በሩን አየን።